የባቡር ኩባንያ መርከብ ለምን አስፈለገው? የ«ዌቨርሊ» ታሪክ

በስኮትላንድ የምትገኘው «ዌቨርሊ» በሁለት ጎኖቿ በሚዞሩ ትላልቅ የመቅዘፊያ መንኮራኩሮች እየተገፋች እስከ ዛሬ መንገደኛ ጭና በባሕር ላይ የምትጓዝ የመጨረሻዋ የእንፋሎት መርከብ መሆኗ ይነገርላታል። ስለ እርሷ የሚጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ላይ ያተኩራል። እኔ ግን ማብራሪያ የሚሻው ሌላ ጉዳይ ይመስለኛል። ይህችን መርከብ ያሠራት የመርከብ ድርጅት አልነበረም፤ ሎኮሞቲቭ፣ ፉርጎ፣ ጣቢያና ሐዲድ የነበረው የለንደንና ሰሜን ምሥራቅ ባቡር ኩባንያ ነበር። በየብስ ላይ በብረት ሐዲድ የሚሠራ ድርጅት የባሕር መርከብ የሚያሠራው ለምንድን ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ ከመልክዓ ምድር፣ ከሕግ፣ ከንግድ ፉክክርና ከምሕንድስና የተሸመነ በመሆኑ አንዱን ከሌላው ለይቶ መናገር ያስቸግራል። መርከቧ ያን ቅርጽ ይዛ የተሠራችው፣ ኋላም ለመጥፋት የተቃረበችው፣ በመጨረሻም በአንድ ፓውንድ የተሸጠችው ለምን እንደ ሆነ የሚገባን ግን ይህን ሽመና ስንፈታው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመልክዓ ምድሩ እንጀምር። የክላይድ ወንዝ የግላስጎውን ከተማ አቋርጦ ወደ ምዕራብ ይፈስሳል፤ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ እየሰፋ ሄዶ ከባሕር ጋር ይቀላቀላል። በዚያ አካባቢ ባሕሩ በተራሮች መካከል ረጃጅም ክንዶቹን ወደ የብሱ ዘርግቷል፤ ስኮቶች እነዚህን የባሕር ክንዶችም ሆነ በየብስ የተከበቡትን ሐይቆች «ሎክ» ይሏቸዋል። በአንዱ ክንድ ዳር ካለ መንደር ፊት ለፊት ወደሚታየው መንደር በየብስ ለመሄድ ክንዱን እስከ ጫፉ መዞር ግድ ስለሚል፣ በውኃ የደቂቃዎች የሆነው መንገድ በእግር ወይም በጋሪ የሰዓታት ይሆናል። ከዚህም ሌላ ቢዩትንና አራንን የመሳሰሉ ደሴቶች አሉ። እንዲህ ባለ አገር መርከብ የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን መንገድ ነው።

በአውሮፓ በንግድ ረገድ የተሳካለት የመጀመሪያው የእንፋሎት ጀልባ አገልግሎት የተጀመረውም በዚሁ በክላይድ ነው። ሄንሪ ቤል በ1812 «ኮሜት» የተባለችውን ትንሽ ጀልባውን በግላስጎው፣ በግሪኖክና በሄለንስበርግ መካከል ሲያሠማራ፣ በሄለንስበርግ ሆቴል ነበረው፤ እንግዶች ወደ ሆቴሉ የሚደርሱበትን መንገድም ይፈልግ ነበር። በክላይድ የእንፋሎት መርከብና የሽርሽር ጉዞ አብረው እንደ ተወለዱ ልብ ማለት ይገባል። ቀጥሎ ባሉት አሥርተ ዓመታት ግላስጎው በፋብሪካ፣ በመርከብ ግንባታና በሕዝብ ብዛት አበጠች፤ ጭሷና ጥቀርሻዋም የዚያኑ ያህል በዛ። ሠራተኛው ሕዝብ በጁላይ ወር የከተማዋ ዓመታዊ የዕረፍት ሳምንታት ሲደርሱ በወንዙ ወርዶ ንጹሕ አየር ወዳለባቸው የባሕር ዳር መንደሮች መሄድን ልማድ አደረገ። ሀብታሞቹ ደግሞ በእነዚያ መንደሮች ቤት ሠርተው ቤተሰባቸውን በጋውን በሙሉ እዚያ ያኖሩ፣ እነርሱም ጠዋት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ባሕር ዳር ይመላለሱ ጀመር።

ባቡር በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው በአንድ ቀላል ስሌት ነው። መርከብ ከግላስጎው መሐል ተነሥቶ በጠባቡ ወንዝ፣ በሌሎች መርከቦች መካከል፣ ፍጥነቱን ቀንሶ መውረድ ነበረበት፤ በዚያ ዘመን ወንዙ የከተማው ፍሳሽ መውረጃ ስለ ነበር ሽታውም የሚቻል አልነበረም። ባቡሩ ግን መንገደኛውን ያን ክፍል አሳልፎ ውኃው ከሚሰፋበት ቦታ ያደርሰዋል። ወደ ግሪኖክ የሚወስደው መስመር በ1841፣ ወደ ሄለንስበርግ የሚወስደው በ1858 ሲከፈቱ፣ ግማሹን መንገድ በባቡር፣ ግማሹን በመርከብ የሚሄድ ሰው መንገዱን በሙሉ በመርከብ ከሚሄደው ቀድሞ ይደርስ ጀመር።

ነገር ግን ጉዞው ለሁለት ሲከፈል ኃላፊነቱም ለሁለት ተከፈለ። የባሕሩን ክፍል የያዙት የግል መርከብ ባለቤቶች ነበሩ። ባቡሩ ሲዘገይ መርከቡ ጥሎት ይሄዳል፤ መርከቡ ሲዘገይ ማታ የሚመለሰው ባቡር ባዶውን ይነሣል። የመርከቡ ባለቤት የተሻለ ገቢ ባገኘ ቀን ወደ ሌላ ኩባንያ ጣቢያ ፊቱን ቢያዞር የሚከለክለው አልነበረም። መንገደኛው ግን ቲኬቱን የቆረጠው ከባቡር ጣቢያ ነውና የሚያማርረው ባቡሩን ነው። ኩባንያዎቹ መርከቡ የራሳቸው ቢሆንና እንደ አንድ ፉርጎ በጉዞ ሰሌዳቸው ቢታዘዝ የተመኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ምኞት ከሕግ ጋር ተጋጨ። በብሪታንያ የባቡር ኩባንያ እንደ ማንኛውም ነጋዴ በራሱ ፈቃድ የሚቋቋም አልነበረም፤ እያንዳንዱ ኩባንያ ፓርላማው ስለ እርሱ ባወጣው ልዩ ሕግ ይቋቋማል፤ ሕጉም ምን መሥራት እንደሚችል ይዘረዝራል። የሰው መሬት በግዴታ የመግዛት ሥልጣን የተሰጠው ድርጅት ያን ሥልጣንና በዚያ ስም የሰበሰበውን ገንዘብ ላልተፈቀደለት ሥራ እንዳያውል ማሰሪያ ማበጀት ተገቢ ነበር። መርከብ ማስኬድ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ኩባንያው ገንዘቡን በመርከብ ላይ ማዋል አይችልም ማለት ነው። ፈቃዱ ሲጠየቅ ደግሞ የግል መርከብ ባለቤቶች በፓርላማ ፊት አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ስጋታቸው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ከባቡር ቲኬት የሚያተርፍ ኩባንያ በመርከቡ እየከሰረ እንኳ ዋጋ ቆርጦ ተፎካካሪዎቹን ከባሕሩ ሊያባርር ይችላልና።

ኩባንያዎቹ ያገኙት መውጫ በስም የተለየ፣ በተግባር ግን የራሳቸው የሆነ የመርከብ ድርጅት ማቋቋም ነበር። ኖርዝ ብሪቲሽ የተባለው የባቡር ኩባንያ በ1866 በዚህ መንገድ ከሄለንስበርግ ሥራ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ዕቅዱ ከአቅም በላይ የተለጠጠ ስለ ነበር ኪሳራ አደረሰበትና ለዓመታት በጥቂት መርከቦች ተወስኖ ቆየ። በ1882 ግን ከሄለንስበርግ አጠገብ ክሬገንዶራን በተባለ ቦታ ባቡሩ እስከ ውኃው ድረስ የሚገባበት አዲስ ጣቢያና የመርከብ መጠጊያ ከፈተ። መንገደኛው ከባቡር ወርዶ ጥቂት እርምጃ ከተራመደ መርከብ ላይ ነው፤ ከዝናብና ከጭቃ ጋር የሚታገልበት፣ ሻንጣውን ተሸክሞ ከተማ የሚያቋርጥበት ምክንያት ቀረ። ካሌዶኒያን የተባለው ተፎካካሪ ደግሞ በ1889 በስኮትላንድ ረጅሙ የሆነውን የባቡር ዋሻ ቆፍሮ ሐዲዱን እስከ ጉሮክ አደረሰ፤ በዚያው ዓመት ካሌዶኒያን የእንፋሎት መርከብ ኩባንያ የሚባል ተቀጥላ ድርጅት አቋቋመ። ሦስተኛው፣ ግላስጎውና ደቡብ ምዕራብ የተባለው ኩባንያ፣ ከፓርላማ ፈቃድ አግኝቶ በ1892 የራሱን መርከቦች አሠማራ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በባሕር ላይ የተደረገ የባቡር ኩባንያዎች ጦርነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሦስቱ ኩባንያዎች ከሦስት የተለያዩ የባሕር ዳር ጣቢያዎች ተነሥተው ወደ አንድ ዓይነት መንደሮች መርከብ ይልካሉ፤ ከግላስጎው ተነሥቶ በቢዩት ደሴት ያለችው ሮዝሲ ከተማ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ በጋዜጣ ማስታወቂያ የሚነገር የክብር ጉዳይ ሆነ። ሁለት ወይም ሦስት መርከቦች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ መጠጊያ ሲገሰግሱ ካፒቴኖቹ ቀድሞ ለመግባት ይሽቀዳደሙ ነበር፤ የመጀመሪያው መርከብ የቆመውን መንገደኛ በሙሉ ያነሣልና። አደጋው እየበዛ በመሄዱ በ1880ዎቹ መጨረሻ ላይ በየመጠጊያው ምልክት የሚያሳይ ማማ እንዲቆም ተደረገ፤ ምልክቱ ከሚመጡት መርከቦች ቀድሞ የመግባት መብት የየትኛው እንደ ሆነ ከሩቅ ይነግራቸዋል። የባቡር ሐዲድ የምልክት ሥርዓት በውኃ ላይ ተተገበረ ማለት ነው። በዚህ ፉክክር መንገደኛው ፈጣን፣ ንጹሕና ርካሽ ጉዞ አገኘ፤ የከፈለው ባለአክሲዮኑ ነው። ካሌዶኒያንና ግላስጎውና ደቡብ ምዕራብ ጉዞዎችን ተከፋፍለው ወጪያቸውን ለመቀነስ የተስማሙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ ነው።

አሁን ወደ መርከቡ አሠራር እንለፍ፤ የባቡሩ የጉዞ ሰሌዳ በብረቱ ላይ ተጽፎ የሚታየው እዚህ ነውና። የውኃ ወፍጮ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በወፍጮው ወራጁ ውኃ መንኮራኩሩን ያዞራል፤ በመርከቡ ግን ሞተሩ መንኮራኩሩን ያዞርና መንኮራኩሩ ውኃውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ መርከቡም ወደ ፊት ይሄዳል። በ«ዌቨርሊ» እያንዳንዱ መንኮራኩር ስምንት የእንጨት መቅዘፊያ ሰሌዳዎች አሉት። ሰሌዳዎቹ ከመንኮራኩሩ ጋር ተቸንክረው ቢሆን ኖሮ ወደ ውኃው ሲገቡ ውኃውን በጥፊ እየመቱ፣ ሲወጡም ወደ ላይ እያነሡ ጉልበት ያባክኑ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰሌዳ በማጠፊያ ተይዟል፤ ከመንኮራኩሩ እምብርት ትንሽ ፈንጠር ብሎ በተተከለ ሌላ እምብርት ላይ የሚዞሩ ዘንጎች ሰሌዳው በውኃ ውስጥ ሳለ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያዘነብሉታል። በዚህ ዘዴ ጉልበቱ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ወደ ኋላ በመግፋት ላይ ይውላል።

ከመርከቡ በስተኋላ ውኃ ውስጥ ተሰውሮ የሚሽከረከረው ውልብልቢት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በታላላቅ የባሕር መርከቦች ላይ መንኮራኩሩን ተክቶ ነበር። እንዲያውም በፒስተን ፈንታ እንፋሎት በሚያሽከረክረው ባለክንፍ ዘንግ፣ ማለትም በተርባይን፣ የምትሠራው በዓለም የመጀመሪያዋ የንግድ መንገደኛ መርከብ «ኪንግ ኤድዋርድ» በ1901 አገልግሎት የጀመረችው በዚሁ በክላይድ ነው። ታዲያ የባቡር ኩባንያ በ1946 ባለመንኮራኩር መርከብ የሚያሠራው ለምንድን ነው? ያለፈውን ዘመን በመናፈቅ አልነበረም። ውልብልቢት ጥልቅ ውኃ ይፈልጋል፤ በክሬገንዶራን መጠጊያ ያለው ውኃ ግን ጥልቀት አልነበረውም። «ዌቨርሊ» 73 ሜትር ያህል ርዝመት ኖሯት ከውኃው በታች የሚገባው አካሏ ሁለት ሜትር አይሞላም። ከዚህም በላይ እንዲህ ያለች መርከብ በአንድ ቀን ብዙ መጠጊያዎችን ትነካለች፤ በየቦታው ፈጥና መቆም፣ ሰው አውርዳና አሳፍራ ፈጥና መነሣት አለባት። ባቡሩ በተወሰነለት ደቂቃ ይነሣልና በእያንዳንዱ መጠጊያ የሚጠፋው ጊዜ ተደምሮ ማታ በጣቢያው ዕዳ ይሆናል። መንኮራኩሩ ሰፊ የውኃ ክፍል ስለሚይዝ መርከቧን በአጭር ርቀት ያቆማታል፤ ወደ ኋላም ሲዞር እንዲሁ ኃይለኛ ነው። በሁለቱ ጎኖች ያሉት የመንኮራኩር ቤቶች የመርከቧን ወርድ ከ9 ሜትር ወደ 17 ሜትር ገደማ ስለሚያሰፉትም ሰው የሚቀመጥበትና የሚንሸራሸርበት የላይ ወለል ይሰፋል።

ድክመቱንም አለመናገር ተገቢ አይሆንም። ማዕበል መርከቧን ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብላት አንዱ መንኮራኩር ከመጠን በላይ ይሰምጣል፤ ሌላው ከውኃው ብቅ ብሎ በከንቱ ይዞራል፤ ስለዚህ ለውቅያኖስ አትሆንም። ሁለቱ መንኮራኩሮች በአንድ ዘንግ ላይ የተያዙ በመሆናቸው አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አዙሮ ባለችበት ማዞርም አይቻልም። መሪው ደግሞ ከመንኮራኩሮቹ ርቆ በስተኋላ ስለ ሆነ መርከቧ ስትዘገይ መሪውን የሚመታው ውኃ ይደክማል፤ መርከቧም ለመታዘዝ ታንገራግራለች። ወደ መጠጊያ ሲቀርብ በቂ ፍጥነት ይዞ መጥቶ በመጨረሻው ሰዓት ሞተሩን ወደ ኋላ የሚያዝ ካፒቴን ቸኩሎ አይደለም፤ መሪው እንዲሠራለት ያ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ትእዛዙም በቀጥታ ከካፒቴኑ እጅ ወደ ሞተሩ አይደርስም፤ በደወል ወደ ሞተር ክፍል ይተላለፍና መሐንዲሱ በእጁ ይፈጽመዋል።

ሞተሩን የሠራው የግሪኖኩ ራንኪንና ብላክሞር የተባለ ፋብሪካ ሲሆን ጉልበቱ 2,100 የፈረስ ጉልበት ነው። ሦስት ሲሊንደሮች አሉት፤ እንፋሎቱ ውኃው ከሚፈላበት ጋን ከቦይለሩ እንደ ወጣ 61 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው በትንሹ ሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑን ይገፋል፤ ከዚያ ኃይሉ ገና ስላላለቀ ወደ መካከለኛው፣ ቀጥሎም 157 ሴንቲሜትር ስፋት ወዳለው ወደ ትልቁ ይሻገራል። ሲሊንደሮቹ እየሰፉ የሚሄዱት ግፊቱ እየቀነሰ በሄደ መጠን ተመሳሳይ ጉልበት ለማግኘት ሰፊ ፒስተን ስለሚያስፈልግ ነው። አንድን እንፋሎት ሦስት ጊዜ ማሠራት ከሰል ይቆጥባል። ሲሊንደሮቹ ቀጥ ብለው አልቆሙም፤ አግድም ዘንበል ብለው ተቀምጠዋል፤ በዚህም ሞተሩ በመርከቧ አካል ውስጥ ዝቅ ብሎ ተጋድሞ የመርከቧን ሚዛን ይጠብቃል። መንገደኛው በሞተሩ ግራና ቀኝ ባለው መተላለፊያ ቆሞ ግዙፎቹ የብረት ክንዶች ሲወጡና ሲገቡ ከቅርብ ማየት ይችላል። እንዲህ የተገለጠ ሞተር በሌላ መርከብ ላይ ማግኘት ብርቅ ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ ለልጆች ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

«ዌቨርሊ» የተባለችው መርከብ አንዲት ብቻ አልነበረችም። ኖርዝ ብሪቲሽ መርከቦቹን በስኮትላንዳዊው ደራሲ በዋልተር ስኮት ሥራዎችና ገጸ ባሕርያት የመሰየም ልማድ ነበረው፤ በዚሁ ስም በ1899 የተሠራችው መርከብም የኩባንያው ኩራት ነበረች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈንጂ ጠራጊ ሆና አገልግላ ተመለሰች። ለዚህ ሥራ የተመረጡት እንዲህ ያሉ መርከቦች ጥልቀት በሌለው ውኃ መሄድ ስለሚችሉና ፈጣኖች ስለ ሆኑ ነው። በ1923 በመላው ብሪታንያ የነበሩት የባቡር ኩባንያዎች በሕግ ወደ አራት ትላልቅ ኩባንያዎች ሲጠቃለሉ፣ ኖርዝ ብሪቲሽም ከነመርከቦቹ ወደ ለንደንና ሰሜን ምሥራቅ ባቡር ኩባንያ ገባ። ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ አሮጊቷ «ዌቨርሊ» እንደገና ፈንጂ ጠራጊ ሆነች። ሜይ 29 ቀን 1940 ከፈረንሳይዋ ዳንከርክ የባሕር ዳር 600 ያህል ወታደሮችን አሳፍራ ስትመለስ በጀርመን አውሮፕላኖች ቦምብ ተመታ ሰጠመች፤ ከተሳፈሩት ወታደሮችም መቶዎች ከእርሷ ጋር ቀሩ። የእሑድ ሽርሽር የለመዱ ወለሎች ላይ የተፈጸመ እልቂት ነውና ይህን ክፍል በችኮላ ማለፍ አይገባም። በቀጣዩ ዓመት ከዚያው ኩባንያ «ማርሚዮን» የተባለችው ባለመንኮራኩር መርከብ በሃሪች ከቦምብ ድብደባ አልተረፈችም።

ከጦርነቱ በኋላ ኩባንያው ስለ ጠፋችበት መርከብ ከመንግሥት ካሣ አገኘ። አዲሲቱ «ዌቨርሊ» በግላስጎው በኢንግሊስ የመርከብ ግንባታ ድርጅት ተሠርታ ኦክቶበር 2 ቀን 1946 ውኃ ውስጥ ገባች፤ ጁን 16 ቀን 1947 የመጀመሪያ ጉዞዋን አደረገች። ጭስ ማውጫዎቿ ሁለት ናቸው፤ በቀይ፣ በነጭና በጥቁር ተቀብተው ነበር። መስመሯ ከክሬገንዶራን ተነሥቶ በሎክ ጎይል ወደ ሎክጎይልሄድ፣ በሎክ ሎንግ ደግሞ ወደ አሮካር የሚወስደው ነው።

የባቡርና የመርከብ ጋብቻ ምን ማለት እንደ ነበር ከሁሉ የተሻለ የሚያሳየው በዚሁ መስመር ይሸጥ የነበረው የሦስቱ ሎኮች ጉብኝት ነው። መንገደኛው ጠዋት በግላስጎው አንድ ቲኬት ይቆርጣል። በባቡር ክሬገንዶራን ይደርሳል፤ በዚያ መርከብ ተሳፍሮ በሎክ ጎይልና በሎክ ሎንግ ተራሮች መካከል እያለፈ አሮካር ይወርዳል። ከአሮካር እስከ ታርቤት ያለችው የየብስ አንገት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነች በእግር ወይም በአውቶቡስ ይሻገራታል፤ ከታርቤት ማዶ ሎክ ሎሞንድ የተባለው ታላቁ የጣፋጭ ውኃ ሐይቅ ይቀበለዋል። እዚያም ሌላ የባቡር ኩባንያው መርከብ ወደ ሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ወደ ባሎክ ያመጣዋል፤ ከባሎክ ባቡር ተሳፍሮ ለእራት ቤቱ ይገባል። በዚህ ጉዞ መንገደኛው የሄደበትን መንገድ አይደግምም። አራት መጓጓዣዎች በአንድ ሰሌዳ የተሳሰሩ በመሆናቸው አንዱ ቢዘገይ ሦስቱ ይበላሻሉ፤ አራቱንም የሚያዝ አንድ ባለቤት ካልኖረ በቀር እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም። «ለምን የባቡር ኩባንያ?» ለሚለው ጥያቄ የእኔ አጭር መልስ ይህች ቲኬት ናት።

መርከቧ ባሠራት የባቡር ኩባንያ እጅ የቆየችው ግን ከአንድ በጋ በላይ አይደለም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1948 የብሪታንያ ባቡር በሙሉ ወደ መንግሥት ይዞታ ሲዛወር መርከቦቹም አብረው ሄዱ፤ የ«ዌቨርሊ» ጭስ ማውጫዎች ጫፋቸው ጥቁር ሆኖ ደብዘዝ ያለ ቢጫ ተቀቡ። በ1951 የክላይድ መርከቦች አስተዳደር ከስድሳ ዓመት በፊት ጀምሮ ተፎካካሪ በነበረው ወገን ስም፣ በካሌዶኒያን የእንፋሎት መርከብ ኩባንያ ሥር ተጠቃለለ። ይህ ለውጥ ከቀለም ያለፈ ትርጉም እንዳለው አምናለሁ። መርከቧ የባቡሩ አካል በነበረች ጊዜ ኪሳራዋ በባቡር ቲኬቱ ትርፍ ይሸፈን ነበር፤ በራሷ መዝገብ ስትመዘን ግን ለጥቂት የበጋ ወራት ሠርታ ዓመቱን በሙሉ የምትበላ ሆና ታየች። ለሠራተኛ ብዛት፣ ለቦይለር ምርመራ፣ መርከቧ ከውኃ ወጥታ ለምትጠገንበት ደረቅ መትከያ የሚወጣው ወጪ ክረምት በጋ አይልም።

ሌሎች ምክንያቶችም ተደራረቡ። ከ1954 ጀምሮ መኪና የሚጭኑ አዳዲስ የሞተር መርከቦች በክላይድ ሥራ ጀመሩ፤ የራሱ መኪና ያለው ቤተሰብም የባቡሩን ሰሌዳ መጠበቅ ተወ። ርካሽ የአውሮፕላን ጉዞ የግላስጎውን ሠራተኛ ወደ ስፔን የባሕር ዳር ይወስደው ጀመር። በ1957 «ዌቨርሊ» ከከሰል ወደ ናፍታ ተለወጠች፤ ወጪዋ በመጠኑ ቢቀንስም የመንገደኛውን ቁጥር የሚመልስ አልነበረም። እንደ እርሷ ያሉት መርከቦች አንድ በአንድ ተቆራረጡ። በ1888 የተሠራችውና እስከ 1949 የሠራችው «ሉሲ አሽተን» አካል እንኳ ለመጨረሻ ጊዜ የአውሮፕላን ጄት ሞተሮች ተጭነውበት ውኃ በመርከብ አካል ላይ የሚያደርሰውን ተቃውሞ ለመለካት ዋለ፤ ውኃውን የሚያናጋ ውልብልቢትም ሆነ መንኮራኩር ሳይኖር መርከብን ለመግፋት የተገኘ ብልኃት ነበር። በ1972 የክሬገንዶራን መጠጊያ ተዘጋ። ባቡሩ ዛሬም በዚያ ያልፋል፤ ወደ ውኃው ይወርድ የነበረው ሐዲድ ግን የለም።

በ1973 የክላይድና የምዕራብ ደሴቶች መርከቦች ካሌዶኒያን ማክብሬይን በሚባል የመንግሥት ድርጅት ተዋሐዱ፤ በዚያው ዓመት የበጋው ሥራ ሲያበቃ «ዌቨርሊ» ከአገልግሎት ወጣች። ድርጅቱ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ከመሸጥ ይልቅ በ1974 ለባለመንኮራኩር የእንፋሎት መርከቦች ጥበቃ ማኅበር በአንድ ፓውንድ አስረከባት። ማኅበሩ በ1959 የተቋቋመ የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ነው። ብዙዎች የጠበቁት በአንድ ወደብ ታስራ ሙዚየም ወይም ምግብ ቤት ትሆናለች ብለው ነበር። ማኅበሩ ግን ሞተሩ የሚሠራ ሆኖ ሳለ ማሰሩን አልፈለገም፤ ከሕዝብ፣ ከከተማ አስተዳደሮችና ከድርጅቶች ገንዘብ አሰባስቦ ሜይ 22 ቀን 1975 ወደ ባሕር መለሳት። ውሳኔው ትክክል እንደ ነበር አልጠራጠርም። የቆመ የእንፋሎት ሞተር ብረት ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያውቁ ሰዎችን በየዓመቱ ማፍራት ይጠይቃል፤ ዕውቀቱ የሚተርፈውም በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

አዲሱ ኑሮ ቀላል አልነበረም። ጁላይ 15 ቀን 1977 ዳኑን ከተባለችው የክላይድ ዳር ከተማ አጠገብ ካሉት ጋንቶክስ ከሚባሉት ዐለቶች ጋር ተጋጭታ አካሏ ተበሳ፤ መንገደኞቹ በሙሉ በሰላም ወረዱ፤ መርከቧም ተጠግና ተመለሰች። በዚሁ ዘመን ክላይድ ብቻውን ሊያኖራት እንደማይችል ግልጽ ሆነ። ስለዚህ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በወቅቱ መጀመሪያና ማብቂያ ወደ ደቡብ እንግሊዝ ዳርቻ፣ ወደ ብሪስቶል ሰርጥና ወደ ቴምዝ ወንዝ እየወረደች መሥራት ጀመረች፤ በ1981 ብሪታንያን በሙሉ ዞረች። አንድን የባቡር ጣቢያ ለማገልገል የተሠራች መርከብ አገር ለአገር እየዞረች ራሷን የምታስተዳድር ሆነች። በ2000 እና በ2003 መካከል በግሬት ያርመዝ በሁለት ዙር የተደረገላት ታላቅ ዕድሳት፣ አብዛኛው ወጪ ከብሔራዊ ሎተሪ የቅርስ ፈንድ ተሸፍኖ፣ የ1947 መልኳን መለሰላት።

የእንፋሎት መርከብ ግን አንድ ጊዜ ታድሶ የሚተው ሕንፃ አይደለም። ቦይለር የሚያረጅ ዕቃ ነው፤ የ«ዌቨርሊ»ም ተደጋግሞ ተለውጧል። በ2019 ቦይለሮቿ ከጥገና በላይ በመሆናቸው የዓመቱ ጉዞ በሙሉ ተሰረዘ፤ ለአዲሶቹ የሚያስፈልገውን 2.3 ሚሊዮን ፓውንድ ለማሰባሰብ ዘመቻ ተከፈተ። የስኮትላንድ መንግሥት አንድ ሚሊዮን ሲሰጥ ቀሪው በብዛት ከተራው ሕዝብ መጣ። በኦገስት 2020 ወደ ሥራ በተመለሰች ጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን፣ በአራን ደሴት የብሮዲክን መጠጊያ ገጭታ በርካታ መንገደኞች ቆሰሉ፤ እንደገና ተጠግና በቀጣዩ ዓመት ተነሣች።

ዛሬ የሚያሳስበው ከቦይለሩና ከናፍታው ዋጋ ባልተናነሰ የመጠጊያው ጉዳይ ነው። የባቡር ኩባንያዎቹ መርከብ ብቻ አልነበረም የሠሩት፤ መርከቡ የሚቆምበትንም ሠርተዋል፤ ጠግነዋልም። በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙት እነዚያ አሮጌ መጠጊያዎች ዛሬ በየአካባቢው ምክር ቤቶች እጅ ናቸው፤ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚመጣ መርከብ ብለው ከፍተኛ የጥገና ወጪ ለማውጣት ይቸገራሉ። አንድ መጠጊያ በተዘጋ ቁጥር ከጉዞዋ ላይ አንድ መንደር ይቀነሳል፤ ከዚያ መንደር ይሳፈር የነበረው ሰው ቲኬትም እንዲሁ። ስለ መርከቧ ተቆርቁሮ መዋጮ የሚልክ ሁሉ በአካባቢው ስላለው መጠጊያም ምክር ቤቱን ቢጠይቅ ለእርሷ የሚያደርገው ነገር በእጥፍ ይሆናል።